ዋስ የሌለው ዕቁብ



ባለፈው እሑድ የዕድሩ ወርኃዊ ስብሰባ ካበቃ በኋላ በድንኳን ማስቀመጫው በር ላይ የተነሣው ጭቅጭቅ ለማንም የተሰወረ አይደለም። አንዲት እናት «እናቴ እናቴ እያለች ቤቴ ገብታ፣ ቡናዬን ጠጥታ፣ ገንዘቤን አስበላችኝ» ሲሉ፣ የተወቀሰችው ልጅ ደግሞ «እኔም ተበልቻለሁ እኮ እትዬ፤ ምን ላድርግ?» ብላ ስታለቅስ ሁላችንም ሰምተናል። ሽማግሌዎች በመሐል ገብተው ነገሩን ለጊዜው አበረዱት። ይሁን እንጂ ከዚያ ቀን ወዲህ ቡና መጠራራት ያቆሙ ቤቶች አሉ። ከአንድ ቧንቧ እየቀዱ ሰላምታ የማይለዋወጡም አሉ። ስለዚህ በዚህ ሰሌዳ ላይ ሐሳባችንን ማስፈር ግድ ሆኖብናል።

ከሁሉ አስቀድመን የራሳችንን ጥፋት እንናገር። «ከቤትዎ ሳይወጡ በስልክዎ ብቻ በቀን 100 ብር ያግኙ» የሚለው ወረቀት ሦስት ሳምንት ሙሉ ተለጥፎ የከረመው በዚሁ ሰሌዳ ላይ፣ ከዕድሩ መዋጮ ማስታወቂያ ጎን ነበር። ማን እንደ ለጠፈው አልጠየቅንም። የኮሚቴው ማኅተም አልነበረበትም፤ ነገር ግን ብዙ ሰው «ኮሚቴው አይቶት ነው» ብሎ እንደ ገባ ኋላ ነግሮናል። ይባስ ብሎም ከኮሚቴው አባላት ሁለቱ ራሳቸው ገብተው ነበር። እንግዲህ ይህን የምንጽፈው ጥፋት የሌለብን ሆነን አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አንድ አፕ በስልክ ይጫናል። 2,000 ብር በቴሌብር ወይም በባንክ ለማይታወቅ ሰው ይላካል። ከዚያ በየቀኑ ጥቂት ቪዲዮ እየከፈቱ «ላይክ» ማድረግ ነው፤ ለዚህም በቀን 100 ብር ይታሰባል። ሰው ያስገባ ደግሞ በያንዳንዱ ሰው 300 ብር ኮሚሽን ያገኛል። መጀመሪያ የገቡት በእርግጥ ተከፍለዋል፤ ይኼ አይካድም። አንዱ ጎረምሳ በዚያ ገንዘብ ጫማ ገዝቶ ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ አየ። እውነቱን ለመናገር ብዙዎቻችንን ያሳመነን አፑ ሳይሆን ጫማው ነው።

ኋላ ገንዘብ ማውጣት ቆመ። «ሲስተሙ እየታደሰ ነው» ተባለ። ሳምንት ቆይቶ «ገንዘባችሁን ለማውጣት አስቀድማችሁ 15 ከመቶ ግብር ክፈሉ» የሚል መልእክት መጣ፤ እሱንም ተበድረው የከፈሉ አሉ። ከሁሉ የሚያንገበግበን ይህ ሁለተኛው ነው። ግብር የሚገባው ለመንግሥት ነው። ከደመወዝ ላይ እንኳ ሲቆረጥ ከሚከፈለን ላይ ተቀንሶ ነው እንጂ፣ አስቀድመን ከኪሳችን አውጥተን ለማናውቀው ሰው ስልክ የምንልከው ግብር የለም። ከዚያም የቴሌግራሙ ቡድን ተዘጋ። የሚጠየቅ ሰው ጠፋ።

«ማን ያውቃል ብለን ነው?» የሚሉ አሉ። ማወቅ ግን ይቻል ነበር፤ እርሳስና ወረቀት ይበቃ ነበር። ላይክ ማድረግ ምን ሸቀጥ ይሆናል? ማንስ ገዝቶ ገንዘቡን ከፈለ? ከውጭ የሚገባ ገንዘብ ከሌለ፣ ለአንዱ የሚከፈለው 100 ብር የሌላው 2,000 ብር ተመንዝሮ ነው። አንድ አዲስ ሰው ይዞት የሚመጣው 2,000 ብር ለአንድ ነባር ሰው የ20 ቀን ክፍያ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ለ50 ሰው 20 ቀን ለመክፈል 50 አዲስ ሰው መግባት አለበት። አሁን 100 ሆኑ። ለሚቀጥለው 20 ቀን 100 አዲስ ሰው፣ ከዚያ 200፣ ከዚያ 400 እያለ በየ20 ቀኑ እጥፍ ይሆናል። በ100ኛው ቀን ጠቅላላው ሰው 1,600 መሆን አለበት። በ200ኛው ቀን 51,200 ይሆናል። በ340ኛው ቀን፣ ገና ዓመቱ ሳይሞላ፣ ከ6 ሚሊዮን ተኩል በላይ ሰው ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከነሕፃኑ ከነአዛውንቱ ቢገባ እንኳ አይበቃም። ይህም እንግዲህ ባለ አፖቹ አንዲት ሣንቲም ለራሳቸው ሳይወስዱ፣ የ300 ብሩ ኮሚሽንም ሳይታሰብ ነው። ስለዚህ ጥያቄው መቼ ይወድቃል እንጂ ይወድቃል ወይ አልነበረም።

በስብሰባው ላይ አንድ ወጣት «ታዲያ ዕቁብስ ያው አይደለም ወይ? አንዱ የሌላውን ገንዘብ አይደል የሚወስደው?» ብሎ ጠይቆ ነበር። ሳቁበት እንጂ ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መልስም ይገባዋል። ሃያ ሰው በሳምንት 500 ብር ቢጥል ለባለ ዕጣው 10,000 ብር ይደርሰዋል። ሃያው ሳምንት ሲያልቅ እያንዳንዱ 10,000 ጥሎ 10,000 ወስዷል። ትርፍ የሚባል ነገር የለም። ዕቁብ የሚሰጠው በትንሽ በትንሹ የሚበተነውን ብር ባንድ ጊዜ ሰብስቦ መገኘቱን ነው። ደግሞም ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ሳይጠራ ብር አይቆጠርለትም። እኛ ከልጅነቱ ጀምሮ የምናውቀውን የጎረቤት ልጅ ለአሥር ሺህ ብር «ዋስ አምጣ» የምንል ሰዎች፣ ስሙን እንኳ ለማናውቀው አፕ ያለ ዋስ ቆጥረን ሰጠን። አሁን ድረስ የሚገርመን ይኼ ነው።

ማታለያው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1920 ቻርልስ ፖንዚ የሚባል ሰው በአሜሪካ በቦስተን ከተማ «ከፖስታ ኩፖን ንግድ በ45 ቀን 50 ከመቶ ትርፍ እሰጣለሁ» ብሎ የሕዝብ ገንዘብ ሰበሰበ። ለቀደሙት የሚከፍለው ከኋለኞቹ ገንዘብ ነበርና በዚያው ዓመት ተያዘ። እ.ኤ.አ. በ1997 በአልባንያ እንዲህ ያሉ ድርጅቶች ተራ በተራ ሲወድቁ አገሩ ታመሰ፤ በሁከቱ ወደ 2,000 የሚጠጋ ሰው ሞተ። በእኛም አገር በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሰው በማስገባት ብዛት ሽልማት የሚሰጥ የፒራሚድ ሽያጭን በጽሑፍ ከልክሏል። ከሕዝብ ተቀማጭ ገንዘብ መሰብሰብም የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ የሚያሻው ሥራ ነው። «ፈቃድህን አሳየኝ» ብሎ የጠየቀ ሰው ከመካከላችን አልተገኘም።

አሁን ሰፈሩን ወደ ከፈለው ነገር እንምጣ። «ያለፈ አለፈ፤ ገበናችን አደባባይ አይውጣ» የሚሉ ወገኖች አሉ። «ሰው ያስገቡት ሁሉ ከዕድር ይሰረዙ» የሚሉም አሉ። እኛ ሁለቱንም አንቀበልም።

ከዕድር መሰረዝ ማለት ነገ ሞት ሲመጣ ቀባሪ ማሳጣት ነው። ሰው ያስገቡት ልጆች ደግሞ አብዛኞቹ ራሳቸው አምነው፣ እናትና አክስታቸውን ጭምር ያስገቡ ናቸው። ሌባው እነሱ አይደሉም። ነገር ግን 300 ብሩ ከሰማይ አልወረደም፤ ከጎረቤት 2,000 ብር ላይ የተቆረሰ ነው። ስለዚህ ሐሳባችን ይህ ነው። እያንዳንዱ ሰው ያስገባ ሰው የከፈለውንና ያወጣውን ያስላ። ከከፈለው በላይ ያወጣ ከሆነ፣ ያ ትርፍ የጎረቤቱ ነውና እሱ ላስገባቸው ሰዎች ያካፍል። ከስሮ የወጣ ገንዘብ አይጠየቅ፤ ግን ቤታቸው ድረስ ሄዶ «ያስገባሁዎ እኔ ነኝ፣ ይቅርታ» ይበል። ከኮሚቴው ሁለት ሰዎች አንዱ ሦስት ሰው አስገብቶ ነበር። 2,000 ከፍሎ፣ የ25 ቀን 2,500 እና የኮሚሽኑን 900 ብር አውጥቷል፤ ትርፉ 1,400 ብር ሆነ። ረቡዕ ዕለት ለሦስቱ ቤት አካፍሎ ሰጥቷል። ለሦስት ሲካፈል ትንሽ ነው፤ ግን በአንዱ ቤት ቡና ተፈልቶለታል።

ዝም ይባል የሚለውን ደግሞ የማንቀበለው፣ ዝምታው የጠቀመው ሌባውን ብቻ ስለሆነ ነው። ከመካከላችን የጡረታ ገንዘባቸውን አስገብተው እስከ ዛሬ ለባለቤታቸው ያልተናገሩ አባት አሉ። ሰው በመታለሉ አፍሮ ሲደበቅ ያው አፕ ስሙን ቀይሮ በሌላ ሰፈር ይከፈታል። ስለዚህ ገንዘብ የላካችሁበትን ደረሰኝ፣ የተቀባዩን ስምና ስልክ ቁጥር፣ የቴሌግራሙን መልእክት አታጥፉ፤ በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡ። አንድ በአንድ ከመሄድ ተሰብስበን ለፖሊስ ብናመለክት ይሻላል። ገንዘቡ ይመለሳል ብለን ተስፋ አንሰጥም። ወደፊት ግን ማንም የተሳሳተ ቦታ ገንዘብ መላኩን እንዳወቀ ለባንኩ ወይም ለቴሌብር በዚያችው ሰዓት ይደውል፤ ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ማገድ አይቻልም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ «ስልክ ራሱ ይቅርብን» ያሉ ወላጆች አሉ። ይህም ሌላ ስሕተት ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ጉሊት የምትሸጥ ሴት እንኳ ቁጥሯን ካርቶን ላይ ጽፋ ስትቀበል እያየን ነው። ስልክ ገበያ ነው። ገበያ ውስጥ ሌባ አለ ተብሎ መርካቶ አይቀርም።

ከላይኛው መንገድ ያሉ እናት ሁለት ዓመት ሙሉ በርበሬና ሽሮ በቴሌግራም እየሸጡ ልጅ ያስተምራሉ። «ስሜን አትጻፉ» ስላሉን አንጽፍም፤ ታውቋቸዋላችሁ። ሄደን ደብተር እንዲያሳዩን ለመንናቸው። የጀመሩት በአምስት ኪሎ ዛላ ነው፤ በብድር አይደለም። ዛላው ሲቀነጠስና ሲደርቅ ከክብደቱ ስንት እንደሚጎድል መዝነው ጽፈዋል፤ ይህን የማይመዝን ሰው በርበሬ ሲሸጥ ይከስራል፣ የከሰረበትንም አያውቅም። ቀጥሎ ኮረሪማው፣ ጥቁሩና ነጩ አዝሙድ፣ በሶብላው፣ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ፣ ከዚያም ወፍጮው፣ ላስቲኩ፣ የሞተረኛው ሒሳብ ለየብቻው መስመር አለው። በመጨረሻው ላይ «ድካሜ» የሚል መስመር አለ። «እሱን መጀመሪያ አልጽፈውም ነበር» አሉን። «አተረፍኩ አተረፍኩ እያልኩ ለካ በነፃ ነበር የምሠራው።» እኛም ይህን ስንሰማ በየቤቱ እንጀራ እየጋገሩ የሚያስረክቡትን እኅቶቻችንን አሰብን። ስንቶቹ ይሆኑ ያችን መስመር የሚጽፏት?

እኚሁ እናት አንድ ጊዜ ተበልተዋል። አንድ የማያውቁት ሰው አራት ኪሎ አዘዘና ሞተረኛ ላከ። «ከፍያለሁ» ብሎ የክፍያውን ፎቶ ላከላቸው፤ ወዲያው በስልካቸውም የቴሌብር አነጋገር ያለው መልእክት ገባ። ሞተረኛው ቸኩሏል፣ ሰጡት። ኋላ ቢያዩት መልእክቱ የመጣው ከተራ የስልክ ቁጥር ነው። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው። ከዚያ ወዲህ ሞተረኛው በር ላይ ቢያጓራም በ*127# ወይም በአፑ ገብተው የራሳቸውን ሒሳብ ሳያዩ ዕቃ አይለቁም። ትልቅ ትእዛዝ ከማያውቁት ሰው ሲመጣ ደግሞ ግማሹን ቀብድ ይቀበላሉ። ቀብድ መጠየቅ ነውር የሚመስላቸው አሉ፤ ልብስ ሰፊው ሲጠይቀን ግን እንሰጣለን።

ሌላም ነገሩን። «በስሕተት ብር ልኬልዎታለሁና ይመልሱልኝ» የሚል ሲደውል መጀመሪያ ሒሳባቸውን ያያሉ፤ ብሩ ከሌለ ነገሩ አለቀ፤ ካለም «ለድርጅቱ አመልክትና እነሱ ይመልሱልህ» ይላሉ እንጂ በእጃቸው መልሰው አይልኩም። የሚስጢር ቁጥራቸውን ለልጃቸው እንኳ አይሰጡም። በመልእክት የሚመጣውን የማረጋገጫ ቁጥር «ከባንክ ነው የምደውለው» ለሚል ሰው የነገረ ሁሉ ተበልቷል፤ ባንክ ያን ቁጥር ደውሎ አይጠይቅም። የቴሌግራሙም ቁጥር ያው ነው። የእኚህ እናት የወንድማቸው ልጅ «ወዳጁ» ሲጠይቀው ነገረና አካውንቱ ተወሰደ፤ በስሙም ለዘመድ ሁሉ «ቸግሮኛል፣ ማታ የምመልሰው አምስት ሺህ ብር ላኩልኝ» ተብሎ ተጻፈ። ሁለት አክስቶቹ ልከዋል። ስለዚህ ዘመድም ቢሆን በጽሑፍ ገንዘብ ከጠየቀ ደውላችሁ ድምፁን ስሙ።

ስለ ፈቃድም እንናገር። ሥራው እያደገ ሲሄድ ወደ ወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዶ መመዝገብና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ማውጣት ይገባል። መመላለስ የለውም ብለን አንዋሽም። ነገር ግን ካፌና ሆቴል ያለ ደረሰኝ አይገዛም፤ ደረሰኝ የሌለው ሻጭም እድሜ ልኩን በኪሎና በግማሽ ኪሎ እንደ ተወሰነ ይቀራል።

ወጣቶቻችንን በተመለከተ፣ በስልክና በኮምፒዩተር የሚሠራ እውነተኛ ሥራ አለ። በውጭ አገር ላሉ የወገኖቻችን ልጆች አማርኛ በቪዲዮ የምታስተምር ልጅ በዚሁ ሰፈር አለች። የሚተረጉም፣ ማስታወቂያ የሚነድፍ፣ የሱቆችን የቴሌግራም ገጽ የሚይዝ አለ። እነዚህ ሁሉ የሚያመሳስላቸው ነገር ቢኖር ሥራውን የገዛው ሰው መታወቁና ለሥራ ለመግባት አስቀድሞ ገንዘብ አለመጠየቁ ነው። ለሥልጠና ክፈሉ የሚሏችሁንም እዩዋቸው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና የተሰጠው በነፃ ነው። እርግጥ የምስክር ወረቀት ብቻውን ደመወዝ አይሆንም፤ ቢሆንም ማንም አልከሰረበትም። በ2016 ዓ.ም. ክረምቱን ሙሉ ስልክ ሲነካኩ የከረሙት የሃምስተር ኮምባት ተጫዋቾች ደግሞ በመስከረም 2017 ዓ.ም. ምን ያህል እንደ ደረሳቸው ራሳቸው ይንገሯችሁ። ያ እንኳ የወሰደው ጊዜና ካርድ ነው።

የሚያስፈራን ሌላው ነው። «በታይላንድ የኮምፒዩተር ሥራ፣ በዶላር የሚከፈል፣ ቲኬት በእኛ» የሚል መልእክት ደርሷችሁ ከሆነ ለወላጅ ሳትነግሩ አትመልሱ። እንዲህ ተብለው የሄዱ ኢትዮጵያውያን ድንበር ተሻግረው ምያንማር ውስጥ ማያዋዲ በሚባል ቦታ ተዘግቶባቸው፣ እየተደበደቡ ሌላውን ዓለም በስልክ እንዲያታልሉ ተገድደዋል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ከዚያ ከወጡት በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች መካከል ብዙዎቹ የእኛ ልጆች ነበሩ። እኛን የበላን አፕ በሌላው ጫፍ የሚሠራበት እንደነሱ ያለ እስረኛ ይሁን አይሁን የሚነግረን የለም።

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ሰሌዳ ላይ የለጣፊው ስምና የኮሚቴው ማኅተም የሌለበት ወረቀት ይነሣል። በሚመጣው እሑድ ከዕድር ስብሰባው በኋላ በድንኳን ማስቀመጫው በረንዳ ላይ ሁለት ጠረጴዛ ይዘጋጃል። በአንደኛው የተበላችሁትን ገንዘብ ደረሰኝ ይዛችሁ ታስመዘግባላችሁ፤ ትርፍ የሚመልሱም እዚያው ያስረክባሉ፤ ስም ጮክ ብሎ አይነበብም። በሁለተኛው የበርበሬዋ እናት ደብተራቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፤ አነስተኛ ሥራ ለመጀመር ያሰባችሁ እርሳስና ወረቀት ይዛችሁ ኑ። ስልካችሁ ላይ ያለውን አፕ የምትጠራጠሩ አረጋውያን ካላችሁ ሁለት ተማሪዎች አብረዋችሁ ያያሉ፤ የሚስጢር ቁጥር ግን ለእነሱም አትንገሯቸው። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ስለሚኖር ከስምንት ሰዓት በፊት እንጀምራለን።

የሰፈሩ ነዋሪዎች ማኅበር ኮሚቴ